ሆፕ የማይባልበት ገበያ

ባለፈው ቅዳሜ ጤፍ ልገዛ እህል በረንዳ ወርጄ ነበር። ልጄ አሁን በስልክ ካዘዙት ቤት ድረስ ያመጡልሻል፣ ምን አንከራተተሽ ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን እህሉን በእጄ ዘግኜ፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ፣ ቆንጠር አድርጌም በጥርሴ ካልሞከርኩት የገዛሁ አይመስለኝም፤ የነጋዴ ልጅ ነኝና ይህ አመል እስከ መቃብር አይለቀኝም። የጆንያው ሽታና የገለባው ብናኝ አፍንጫዬን እየኮረኮረኝ፣ ከነጋዴው ጋር እየተከራከርኩ ቆሜ ሳለሁ፣ ከጀርባዬ ሁለት ኩሊዎች አንድ ኩንታል በጫፍና ጫፉ ይዘው "አንድ፣ ሁለት፣ ሆፕ!" ብለው ወደ አይሱዙው ወረወሩት። ሃምሳውን የተሻገርኩ፣ ደረጃ ባየሁ ቁጥር ጉልበቴን የማማርር ሴትዮ፣ ወደ ጎን ዘልዬ የማላውቀውን ሰው ክንድ ጨመደድኩ። ሰውየው ደንግጦ ምን ነካዎት እናቴ ሲለኝ፣ እኔ ግራ ቀኙን እያየሁ ፈረስ እፈልግ ነበር።

ፈረስ በእርግጥ የለም። ከብዙ ዘመን ጀምሮ የለም። ግን እኔ ባደግኩበት ጊዜ በዚያ ገበያ ውስጥ ያቺን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ለምን እንዳልነበረ ለነጋዴው ላጫውተው ብጀምር ሰልፍ አስረዝማለሁ ብዬ ተውኩት፤ ጤፌን አስጭኜ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ቦራ ስለሚባል አንድ ፈረስ ሳስብ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ጋሪ ገና ከመርካቶ አልተባረረም ነበር። ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ወደ እህል በረንዳ በሚያስገባው ጠባብ መንገድ ላይ፣ እኛና ጋሽ ሽኩር አንድ ግቢ እንኖር ነበር፤ አባቴ እህል ነጋዴ፣ እሳቸው ባለጋሪ። ግቢው ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲያባራ አቧራ ነው። ማለዳ የምንነሣው ወደ ክፍለ ሀገር በሚወጡት አውቶቡሶች ጥሩንባና በረዳቶቹ ጩኸት ነበር። የጋሽ ሽኩር ጋጣ ከእኔ መኝታ የሚለየው በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ ፈረስ ሲያኝክ፣ ሲያስነጥስ፣ የቆመበትን እግር ሲለዋውጥ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እናቴ ሽታውን ከቤት ለማስወጣት ያልሞከረችው ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን ያ የእርጥብ ገለባና የላብ፣ ጋሽ ሽኩር ጠፍሩን ለማለስለስ የሚያሹበት የሞራ ሽታ ካልመጣልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ዘመድ ቤት ሳድር የማለቅሰው ናፍቆት ይዟት ነው ይባልልኝ ነበር፤ ናፍቆቱ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሽ ሽኩር ቁመታቸው ረዘም፣ ንግግራቸው አጠር ያለ ሰው ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ያወሩት ቃል ቢለቀም አንድ እፍኝ አይሞላም። ከፈረሳቸው ጋር ግን በስልጢኛ ሲያወጉ፣ ሲመካከሩ፣ አንዳንዴም ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት። የድሮው ፈረሳቸው አርጅቶ ሲሞትባቸው ሰንብተው ያመጡት አዲሱ ፈረስ፣ መልኩ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስለነበረው ስሙን ቦራ አሉት። ቀጠን ያለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚራመድ፣ ጋሪ እየጎተተ ሳይሆን ሰርግ እየሄደ የሚመስል ፈረስ ነበር። የሸጠላቸው ደላላ እግሩን ትንሽ ታሞ የዳነ ነው ከማለት በቀር ከየት እንደመጣ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም መጠየቅ የሚወዱ ሰው አይደሉም።

ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ በተቃራኒው የግቢያችን ራዲዮ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ልጃቸው ነው፤ እኔንም ጠጉሬን የሚሠሩኝ፣ የሚቆጡኝም እሳቸው ነበሩ። ቦራ ግቢ በገባ በሳምንቱ ባላቸው ማለዳ ተነሥተው እሳቸው ቁርስ ሳይቀምሱ ለፈረሱ ገብስ ሲያቀርቡ፣ ብርድ ሲሆን የራሳቸውን ጋቢ ሲያለብሱት አይተው፣ በዚህ ዕድሜዬ ጣውንት አመጣብኝ ብለው ለሰፈር አወሩ። ጧት ጧት ባላቸውን የሚቀበሉት "ጣውንቴ ደህና አደረች?" እያሉ ነው። እናቴ ፈረሱ እኮ ወንድ ነው ብትላቸው፣ ይህማ ነው ጉዱ፣ ወንድ ጣውንት ያየ አለ ወይ ይሏታል። ጋሽ ሽኩር ፈገግ ይላሉ።

የቦራ ምሥጢር የወጣው መጀመሪያ እህል በረንዳ በገባበት ቀን ነው። ኩሊዎች ኩንታል ሲያነሡ ክንዳቸው እኩል እንዲሠራ አንድ ቃል ያስፈልጋቸዋል፤ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ቃሉ ሆፕ ነበር፤ ጣሊያን ትቶት ይሂድ ሹፌሮች ያምጡት የሚያውቅ የለም። ደስታ የሚባል፣ ከወላይታ መጥቶ ገበያውን በቀልዱ የገዛ ኩሊ፣ ከባልደረባው ጋር የመጀመሪያውን ኩንታል ብድግ አድርጎ "አንድ፣ ሁለት፣ ሆፕ!" ከማለቱ፣ ቦራ ከነጋሪው ተነሥቶ ከፊቱ በሸራ ላይ የተዘረገፈውን የሽምብራ ክምር ዘለለው። እሱስ ዘለለ፤ ጋሪው ግን መዝለል ስለማያውቅ በመሀል አቋርጦ ሄደ። ኩንታሉ ጋሪው በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ወድቆ ፈነዳ፤ ሽምብራው ከሰው እግር ስር ገብቶ አላፊ አግዳሚውን አንሸራተተው፤ ባለሽምብራዋ ራሷን ይዛ ጮኸች። ቦራ ግን ጭራሽ አልደነገጠም። ከክምሩ ማዶ ጆሮውን አቁሞ፣ ጥያቄ እንደመለሰ ተማሪ ዙሪያውን እያየ፣ ጎበዝ እስኪባል ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ዝንብ ነክሶት ነው ያለ አለ፣ ሰይጣን ነው ያለም አለ። ጋሪው ተጠግኖ እንደገና ሲጫን ያው ሆነ። ነገሩን ያወቀበት ደስታ ነው፤ ራቅ ብሎ ቆሞ ማንም ምንም ሳያነሣ ቃሏን ብቻ ቢናገር፣ ቦራ ባዶ መንገድ ላይ ተወርውሮ ዘለለ። ከዚያ በኋላ ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። ጋሽ ሽኩር ጆሮውን በጥጥ ቢደፍኑት የአውቶቡስ ጥሩንባ አልሰማ ብሎ ለጥቂት ከመጨፍለቅ ተረፈ። ሼህ ዘንድ ወስደው ቁርኣን አስቀሩበት፤ እትዬ ከድጃ ለሁሉም ይሁን ብለው የጎረቤት ጠበል አስረጩበት። ቦራ ሁሉንም በትዕግሥት ተቀብሎ፣ ሆፕ ሲባል ይዘላል።

በመጨረሻ ነጋዴዎቹ በአባቴ መጋዘን ተሰብስበው ይህ ፈረስ ሰው ሳይገድል ከእህል በረንዳ ይውጣ አሉ። ለጋሽ ሽኩር ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ የሚጭኑት እህል ነው፣ እህል ያለው እዚያ ነው። ሌላ ፈረስ ግዛና ይህን ሽጠው ሲባሉ፣ ቦራን አልሸጥም፣ የምታስወጡ ከሆነ ሁለታችንንም አስወጡን አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ወጥቶ አያውቅም። አባቴ ደግሞ በባሕርዩ ነገር ሲከር ቀልድ የሚመጣለት ሰው ነበርና፣ "እንግዲያው ፈረሱን ከምናስወጣ ቃሉን እናስወጣው" አለ። ለቀልድ ነበር ያለው። ሰዎቹ ግን ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ ይቻላል አለ፤ ሌላው ምን ይከብዳል አለ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በእህል በረንዳ ሆፕ ማለት ተከለከለ። ያመለጠው ሰው በዙሪያው ላለው ሁሉ ሻይ ይጋብዛል።

ችግሩ የምትተካ ቃል መፈለጉ ነበር። እስላሞቹ ቢስሚላህ፣ ክርስቲያኖቹ በስመ አብ ብለው ሞክረው ነበር፤ የሁለቱ ጸሎት ርዝመት ስለማይገጥም ኩንታሉ በአንዱ በኩል እየተነሣ በሌላው በኩል እየቀረ ለወገብ በሽታ ዳረጋቸው። ያኔ ደስታ አውቶቡስ ተራ ሻይ የምትሸጥ ሎሚ የምትባል ልጅ ይወድ ነበርና፣ ያለ ምንም ኀፍረት "አንድ፣ ሁለት፣ ሎሚ!" ብሎ ጀመረ። ቃሉ ለአፍ ቀለለ፣ ለክንድም ተስማማ፤ ከላይ እስከ ታች ገበያው ሁሉ ሎሚ እያለ ይጭን ያወርድ ጀመር። ስሟ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሁሉ ጎረምሳ አፍ ሲጠራ የምትገባበት ያጣችው ልጅ በመጨረሻ ደስታን አገባችው፤ ሌላ ምን ታድርግ። ከገጠር ሥራ ፍለጋ መጥቶ ከአውቶቡስ ለሚወርደው እንግዳ ደግሞ አገሬው መጀመሪያ የሚመክረው፣ ኪስህን ጠብቅ፣ እህል በረንዳ ከደረስክ ደግሞ ሆፕ እንዳትል ብሎ ነበር። እንግዳው መጀመሪያውን ምክር ይረዳል፣ በሁለተኛው ግራ ይጋባል።

ድሮ ትልልቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም አባ እንትና ይባሉ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ገበያውም ጋሽ ሽኩርን አባ ቦራ ይላቸው ጀመር። መጀመሪያ ለሹፈት ነበር፤ የጋሪ ፈረስ ይዞ አባ መባል ያስቃል። እየቆየ ግን ሹፈቱ ተንጠፈጠፈና ስሙ ብቻ ቀረ፤ ሕፃን ሽማግሌው አባ ቦራ ሲላቸው እሳቸውም በኩራት ቀና ብለው አቤት ይላሉ። እኛ ልጆች ደግሞ ግቢ ውስጥ ጀሪካንና በርጩማ ደርድረን፣ በላዩ መጥረጊያ አጋድመን፣ ፈረስም ጋላቢም ሆነን እንዘል ነበር፤ እኔ ቦራ ካልሆንኩ አልጫወትም ብዬ ብዙ ጊዜ ጨዋታ አፍርሻለሁ። የቦራ ዝላይ ከየት እንደመጣ ግን ገና የሚያውቅ አልነበረም።

ያወቅነው አንድ ቦቲ ጫማ ያጠለቀ ሰው ግቢያችን በር ላይ በቆመ ቀን ነው። ስሙን ቢነግረንም ለእኛ ባለቦቲው ሆኖ ቀረ። መርካቶ ውስጥ የሚዘል የጋሪ ፈረስ አለ ሲባል ሰምቶ ነው የመጣው። ቦራ ገና ከጋጣው ሲያየው አሽካክቶ፣ ገመዱን ወጥሮ ሄዶ አፍንጫውን ኮቱ ውስጥ ወሸቀ፤ ሰውየውም ግንባሩን ከፈረሱ ግንባር አጋጥሞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሻይ ቀርቦለት ነገሩን ዘርዝሮ ነገረን። ፈረሱ የጃንሜዳ የመሰናክል ዝላይ ተወዳዳሪ ነበር፤ ስሙም መብረቅ ይባላል። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው፣ መሰናክሉ አጠገብ ሲደርስ ሆፕ እያለ ዝላይ ያስተማረው ባለቦቲው ራሱ ነው። እግሩን ተጎድቶ ሳለ፣ እሱ በሌለበት፣ የፈረሱ ጌታ ከእንግዲህ አይረባም ብሎ ሸጠው። አሁን እግሩ ድኗል። በመጪው በዓል ውድድር አለ፤ ጌታውን አነጋግሯል፤ ፈረሱ ውድድሩን ከፈጸመ መልሰው ይወስዱታል፣ ለጋሽ ሽኩርም በምትኩ ደንዳና የጋሪ ፈረስ ይሰጧቸዋል፤ ካልፈጸመ እዚያው ጋሪው ላይ ይቀራል።

ግቢው ሁሉ የጋሽ ሽኩርን አፍ ያይ ነበር፤ እንቢ እንደሚሉ እርግጠኞች ነበርን። እሳቸው ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣር አለ ወይ አሉ። ባለቦቲው ጃንሜዳ እኮ ነው፣ ከሣር በቀር ምን አለ አላቸው። ጋሽ ሽኩር ወደ ጋጣው፣ ከዚያ ወደ ጭቃው፣ ከዚያ በአጥራችን አናት ወደሚታየው የአውቶቡስ ጭስ ተመልክተው፣ "ይሂድ እንግዲህ፤ መርካቶ ለእሱ እስር ቤት ነው" አሉ። ቃላቸውን ሰጡ። እሳቸው ቃላቸውን ከሰጡ የሚመለሱ ሰው አይደሉም።

ከዚያ በኋላ ባለቦቲው ማለዳ እየመጣ ቦራን ለልምምድ ይወስደዋል፣ ጋሽ ሽኩርም አብረው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ፈረሱ በላብ አብርቶ፣ ወጣት ሆኖ ይመጣል፤ ጋሽ ሽኩር ግን በየቀኑ እያነሱ ይመጣሉ። ምግብ ቀርቦላቸው ሁለት ጊዜ ቆርሰው ይተዉታል። ከሁሉ የከፋው ከፈረሱም ጋር ማውራት ተዉ። እኔ በቆርቆሮው በኩል ሆኜ ድሮ የለመድኩትን የስልጢኛ ማንጎራጎር ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ብሩሹ የፈረሱን ጀርባ ሲፍቅ ብቻ ነው የምሰማው። እትዬ ከድጃም ጣውንቴ ማለታቸውን አቁመው፣ ባላቸው ወደ ሶላት ሲወጡ ጠብቀው ጋጣው ውስጥ ይገቡና ቆመው ፈረሱን ያዩታል። አንድ ጊዜ ገብቼ ምን እያደረጉ ነው ብላቸው፣ ጠፍሩን ሞራ ላሽለት ብዬ ነው አሉኝ። በእጃቸው ሞራም ጠፍርም አልያዙም ነበር።

የበዓሉ ቀን ግማሹ እህል በረንዳ በአባቴ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ጃንሜዳ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ ከሌሊቱ ዝናብ የተነሣ እርጥብ ነበር፤ ቀይና ነጭ የተቀቡ አግዳሚዎች፣ የቁጥቋጦ አጥሮች፣ ውሃ የተሞላ ቦይ በየቦታው ተዘጋጅተዋል። መርካቶ ውስጥ ሰማይን በቁራጭ ለምናየው ለእኛ ይህ ሁሉ ስፋት ራስ የሚያዞር ነበር፤ ጋሽ ሽኩር ለቦራ ለምን ይህን እንደተመኙለት ያኔ ገባኝ። ውድድሩ ሳይጀመር ባለቦቲው ወደ እኛ መጥቶ አደራ አለ፤ ፈረሱ የሚዘለው በቃሉ ነው፣ የምጋልበውም ቃሉን የምናገረውም እኔ ብቻ ነኝ፣ እናንተ በመሰናክሎቹ አጠገብ ድምፅ እንዳታሰሙ። ደስታ ወደ ኩሊዎቹ ዞሮ፣ ይህን ያህል ጊዜ የቻልነውን ዛሬም እንችላለን አለ። እኔና እትዬ ከድጃ መጨረሻው መሰናክል ወዳለበት ገመድ ዳር ሄደን ቆምን፤ ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው።

በድምፅ ማጉያው መብረቅ ተብሎ ሲጠራ የእኛ ሰዎች መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቁም፤ ሲያውቁ ቦራ ቦራ እያሉ ሜዳውን አናወጡት። ከዚያ ፈረሶቹ ተለቀቁ። ቦራን ጋሪ ሳይጎትት ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን አግዳሚ፣ ቁጥቋጦውን፣ የውሃውን ቦይ፣ ሁሉንም ክንፍ ያለው ይመስል እየተሻገረ መጣ፤ ከጎኔና ከጀርባዬ ያሉት ኩሊዎች ሁሉ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ አንድም ድምፅ አልወጣቸውም። ጋሽ ሽኩርን አሻግሬ አየኋቸው፤ ቆብ በእጃቸው ጨብጠው፣ ፊታቸው ልጁን እየዳረ እንዳለ አባት በደስታና በሐዘን መሀል ተሰንጥቆ ነበር። ቦራ ከሁሉም ቀድሞ ወደ መጨረሻው መሰናክል ታጠፈ። ሊፈጽም ነው። ሊሄድብን ነው። መሰናክሉ ገና ሩቅ ሳለ፣ ፈረሱ በለጥ ያለ ባዶ ሣር ላይ እየጋለበ፣ በዚያ ሁሉ ዝምታ መሀል አንዲት ቀጭን ድምፅ "ሆፕ!" አለች።

ቦራ ባለቦቲው እንዳስተማረው ወዲያው ታዘዘ። ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ አየር ላይ ተነሥቶ፣ በሕይወቱ ያማረውን ዝላይ ዘለለ። ባለቦቲው ይህን ስላልጠበቀ እርካቡ ከእግሩ ወልቆ በጎን ተንሸራቶ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠ። ፈረሱ ጋላቢ አልባ ሆኖ መሰናክሉን በጎን አልፎ፣ ገመዱንም አልፎ፣ ሰው እየተከፈለለት መጥቶ ጋሽ ሽኩር ፊት ቆመ፤ እንደ ልማዱም ጆሮውን አቁሞ ጎበዝ እስኪባል ጠበቀ።

እኔ እትዬ ከድጃን ቀና ብዬ አየሁ። አፋቸውን የሸፈኑበትን ሻሽ ገና ወደ ራሳቸው እየመለሱት ነበር። ማየቴን አወቁ። ጎንበስ ብለው፣ "ፈረሱ ቢሄድ ሰውየውም አብሮት ነው የሚሄደው። አይተሽ እንዳላየሽ" አሉኝ። እኔም እስካሁን አላየሁም ነበር።

ጃንሜዳ ላይ እርስ በርስ መወነጃጀል ሆነ። ሁሉም ሌላውን ይጠረጥራል፤ የሴት ድምፅ ነበር ያለም ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ ተቆጡ። በመጨረሻ ደስታ፣ ልቡ ውስጥ ሲጮኽ የቆየውን ቃል አፉ ይሁን ልቡ ይናገረው መለየት ስላቃተው፣ እኔው ነኝ፣ አምልጦኝ ነው መሰለኝ ብሎ አመነ፤ በማግስቱም ለእህል በረንዳ ሁሉ ሻይ ጋበዘ፤ ሎሚ ለአንድ ሳምንት አኮረፈችው። የፈረሱ ጌታ ሜዳ ላይ የሚዘል እብድ ፈረስ አልፈልግም ብሎ ሄደ። ባለቦቲው እያነከሰ መጥቶ የቦራን አንገት ደጋግሞ መታ መታ አደረገና፣ መርካቶ አበላሸችህ ብሎ፣ እየሳቀም እያዘነም ተሰናበተው። ጋሽ ሽኩር ከንፈራቸውን እየመጠጡ የፈረሱን እግሮች አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሐዘናቸው እውነት ነበር። ግን አይሱዙው ላይ አልወጣም ብለው በእግራቸው፣ በፒያሳ በኩል፣ ልጓሙን ይዘው እስከ ሰፈራችን ሲመጡ፣ እኔና እትዬ ከድጃ ከኋላ እየተከተልን እንሰማቸው ነበር፤ ያ ሁሉ ቀን የታፈነው ስልጢኛ ያለ ፋታ ይፈስሳል። እትዬ ከድጃ ጫማቸው እየጎዳቸው፣ እኔን እኮ ይህን ያህል አውርቶኝ አያውቅም፣ ጣውንቴ ምን ብታስነካው ነው እያሉ ያጉረመርማሉ። በዚያ ማታ ጋሽ ሽኩር የቀረበላቸውን ጠርገው በሉ።

ቦራ ከእኛ ጋር አረጀ። ሲሞት እኔ ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ ነበር፤ እህል በረንዳ ሱቁን ባይዘጋም ቀኑን ዝም ብሎ ዋለ። ከዚያ በኋላ ሆፕ ቢባል የሚዘል የለም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ማንም አላለም፤ ወግ ሆኖባቸው ነበር። ቀስ በቀስ አዳዲስ ኩሊዎች መጡ፣ የቀድሞዎቹ ወገባቸው ለቀቀ፣ ጋሪም ተከለከለ፣ ቃሉም ከተሰደደበት ተመለሰ። ጋሽ ሽኩርም ብዙ ሳይቆዩ ታመው አረፉ። ሊቀብር የመጣው ሰው ብዛት ለባለጋሪ የሚጠበቅ አልነበረም፤ ግማሹ ስማቸው ሽኩር መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማው።

እትዬ ከድጃ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሩ። እኔ አግብቼ ወልጄ ወደ ግቢው ስመጣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን እንጫወታለን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ ያንን ነገር እኮ ያውቅ ነበር አሉኝ። የቱን ብላቸው፣ የጃንሜዳውን አሉ። ጋሽ ሽኩር ሊሞቱ ሰሞን ውሃ አጠጪኝ ብለው፣ ጠጥተው ሲጨርሱ፣ ያን ቀን ድምፅሽን ለይቼዋለሁ አሏቸው። ያ ሁሉ ሰው በነበረበት፣ ያ ሁሉ ሜዳ ላይ፣ አንዲት ቃል ሰምተው ለይተዋታል። እትዬ ከድጃም፣ ታዲያ ለምን እስከዛሬ ዝም አልከኝ ብለው ጠየቋቸው።

"ብነግርሽ ይቅርታ ትጠይቂኝ ነበር" አሏቸው ጋሽ ሽኩር። "እኔ ደግሞ ላመሰግንሽ ነበር የፈለግኩት፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።"

እትዬ ከድጃ ይህን ነግረውኝ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ይህን ሰው፣ ለፈረስ ሲሆን ወሬ የማያልቅበት፣ ብለው ሳቁ።

እሳቸውም አለፉ። ግቢያችን ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ እኔ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ የጥበቃ መዋጮ በጊዜ ይከፍላሉ፣ የልጆቻቸው ሳቅ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። በቀደም ውሃ ጠፍቶብኝ አንድ ጀሪካን ልዋስ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ ማነው ሲሉኝ፣ በልጅነቴ እንደለመድኩት፣ እኔ ነኝ አልኩ። በእኛ ግቢ እኔ ነኝ ማለት በቂ ስም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ከበሩ ጀርባ "እኔ ማን?" የሚል ድምፅ መጣ። ስሜን ነገርኳቸው፤ አላወቁትም። የቤት ቁጥሬን ስነግራቸው ከፈቱልኝ።